ብርድ ያከሳው ጉሎ

እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ዝቅ ብላችሁ ስታነቡ የሚያጠራጥራችሁ ነገር ስለሚኖር ነው። ስዊድን፣ ሮግስቬድ ሰፈር በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በሕንፃችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሰው ተራ ነክቼ አላውቅም። ስቶክሆልም የኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። በዚህ አገር ሰው ብዙ ነገር ቢወሰድበት ይታገሣል፤ የልብስ ማጠቢያ ተራው ከተወሰደበት ግን ወረቀት ጽፎ በር ላይ ይለጥፋል፤ ያ ወረቀት ከተለጠፈ በኋላ ሕንፃው ውስጥ አንገት ቀና አድርጎ መሄድ የለም። ቀይ መብራትም ከሆነ፣ እንኳን መኪና ድመት በሌለበት መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ልጄ ማህሌት «ማማ፣ ማን ያየናል ብለሽ ነው?» ትለኛለች፣ በስዊድንኛ። እሷ አማርኛውን ትሰማዋለች እንጂ አትመልስበትም።

«መብራቱ ያየናል» እላታለሁ።

እንግዲህ ይህችው ሴትዮ ናት በአንድ በጋ ውስጥ የአደንዛዥ ዕፅ አምራች፣ አከፋፋይና አጓጓዥ ሆና የተገኘችው። አጓጓዡ ላይ ትንሽ አጋንነሻል እንዳትሉኝ፤ በባቡር ነው የሄድኩት።

ነገሩ የጀመረው በወፍ ነው። ያን ክረምት ቀኑ ገና ሻይ ሳይፈላ ይጨልምብኛል። ጎረቤቶቼ በረንዳቸው ላይ የወፍ ምግብ ሲሰቅሉ አየሁና ሻርሆልመን ገበያ ሄጄ እኔም አንድ ከረጢት ገዛሁ። ከረጢቱ ላይ የወፍ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ በላይ ምን አነባለሁ? ወፎቹ መጡ። እንዲህ ያለ መራጭ እንግዳ ደግሞ አስተናግጄ አላውቅም። የሱፍ ፍሬዋን እየለቀሙ፣ ያልጣማቸውን በምንቃራቸው ወዲያ ይወረውራሉ። የወረወሩት ደግሞ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል በቀጥታ የአበባ ሳጥኔ ውስጥ ገባ።

ግንቦት ላይ ከሳጥኑ ውስጥ ሦስት ችግኞች ቀና ብለው አዩኝ። ቅጠላቸው እንደተዘረጋ የእጅ ጣት፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ። የት እንደማውቃቸው ጠፋብኝ፤ ግን የማውቃቸው መሰለኝ። የሰው አገር ሲኖሩ እንዲህ ነው፤ ዓይን የሚያውቀውን ነገር ይፈልግና ካጣ ያበጃል።

እትዬ ዘይነባን ጠራኋቸው። እትዬ ዘይነባ የሚቀጥለው መግቢያ ላይ አውቶቡስ ከሚነዳው ልጃቸው ጋር የሚኖሩ የወሎ እናት ናቸው፤ ከከሚሴ የመጡት በእርጅና ዘመናቸው ነው። ስለ ዕፅዋት እሳቸው ከተናገሩ ሌላው ዝም ነው የሚለው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ቅጠሉን ዳሰሱ፤ አሸተቱ፤ ቀና አሉ።

«ጉሎ ነው» አሉ።

«ጉሎ? እትዬ፣ የጉሎ ቅጠል ሰፊ አይደለም እንዴ?»

«ሰፊ ነው እንጂ። ይኼ ከስቶ ነው። አንቺስ ስትመጪ እንዲህ ነበርሽ? በዚህ ብርድ ሰው ጠቦ ይኖር የለም? ጉሎም ጠበበ።»

ይህን ማስረጃ ማን ይክዳል? እኔ ራሴ በመጀመሪያው ክረምት ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኝ ነበር። ጉሎ ነው ተባለ፣ ጉሎ ሆነ። የምጣዱ ማሰሻ፣ የፀጉሩ ቅባት፣ ለእብጠት ቅጠሉ ሞቅ ተደርጎ የሚታሰረው፤ ያ ሁሉ ያገር ቤት መድኃኒት በበረንዳዬ በቀለ ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ደስታ ደግሞ በእኛ ዘንድ ለብቻ አይያዝም። የበቀለ ነገር ይካፈላል። አንዱን ችግኝ በማሰሮ አድርጌ ለእትዬ ዘይነባ ሰጠሁ። ሁለተኛውን ሶለንቱና ድረስ ለጋሽ ግርማ ወሰድኩላቸው። ጋሽ ግርማ የሠርጌ ሽማግሌ ናቸው፤ ባሌ በሞተ ጊዜም ከአጠገቤ ያልተለዩ። አገር ቤት የአውራጃ ዳኛ ነበሩ፤ እዚህ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ለልጆቹ ድንች ሲያወጡላቸው እንኳ ፍርድ የሚሰጡ ነው የሚመስሉት። ችግኙን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከደጃቸው፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተከሉት። ሦስተኛውን ለራሴ አስቀረሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ኋላ ለምን እንደተንቀጠቀጥኩ አይገባችሁም። በዚያው ዓመት ዳግማማ ለመሆን አመልክቼ ነበር። ዳግማማ ማለት ወላጆች ሥራ ሲሄዱ ልጆቻቸውን በገዛ ቤቷ ተቀብላ የምትውል፣ ደሞዟን ኮሙኑ፣ ማለት የከተማው አስተዳደር፣ የሚከፍላት ሴት ናት። እኔ ያን ጊዜ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ቢሮ አጸዳለሁ። ማህሌት ብቻዋን ትነሣለች፣ ብቻዋን ቁርሷን ትበላለች፣ ብቻዋን በሩን ቆልፋ ትወጣለች። ከሥራ ስመለስ የበላችበትን ሳህን እያየሁ «ዛሬም ልጄን ሳህን አሳደገልኝ» እል ነበር። ዳግማማ ብሆን ጠዋት ጠዋት ቤቴ እሆናለሁ። ይህ ነበር ምኞቴ፤ ከዚህ የበለጠ የምፈልገው አልነበረኝም። ይህ እንዲሆን ደግሞ ከኮሙኑ አንዲት ሴት መጥታ ቤቱንም እኔንም አይታ እሺ ማለት አለባት።

በጋው አለፈ፤ ጉሎዬ እኔን በቁመት አለፈኝ። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ስልክ ተደወለ፤ ሴትዮዋ ጉኒላ እባላለሁ አለችና ከነገ ወዲያ ጠዋት ልምጣ ብላ ጠየቀች። እሺ አልኩ። ስልኩን እንደዘጋሁ መስኮት መወልወል ጀመርኩ። ማህሌት ከትምህርት ቤት ገባች፣ በረንዳው በር ላይ ቆመች፣ ቦርሳዋንም ሳታወርድ ተክሉን አየች።

«ማማ» አለች፣ «ይሄን ማን ተከለው?»

«ወፎቹ።»

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ጉሎ ነዋ። ብርድ አክስቶት ነው።»

ማህሌት ከቦርሳዋ ዛሬ ክፍል ውስጥ የታደለ ወረቀት አወጣች። ስለ አደንዛዥ ዕፅ ተምረው ነው የመጡት። ወረቀቱ ላይ የጉሎዬ ፎቶ አለ። እኔ እንኳን በማላውቀው በኩል ቆንጆ ሆኖ ተነሥቷል። ከሥሩ የተጻፈው ግን ጉሎ አይደለም።

«ሀሺሽ የሚወጣበት ነው፣ ማማ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት የመወልወያው ባልዲ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ሰው ሲደነግጥ የሚሠራው አይታወቅም፤ እኔ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ የማውቀውን ሁሉ ለብቻዬ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ጭንቅ ሲመጣ እግሬ ወደ መጻሕፍት ነው የሚወስደኝ። ሕጉን አውጥታ ሰጠችኝ፣ ሠራተኛዋ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ዕፅ ያስተላለፈ ይቀጣል ይላል። እትዬ ዘይነባ፣ ጋሽ ግርማ፤ አስተላልፌያለሁ። ያመረተ ይላል። ውኃ እያጠጣሁ፣ እሱም አልበቃ ብሎኝ የእንቁላል ቅርፊት እየፈጨሁ አምርቻለሁ። የያዘ ይላል። ይዣለሁ። የተጠቀመ ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ተነፈስኩ።

ቀጥሎ ግን «ለሕክምና ወይም ለሳይንስ ካልሆነ በቀር» የሚል አገኘሁና ልቤ ዘለለ። ሕክምና ከሆነማ እትዬ ዘይነባ አሉልኝ። ቅጠሉን እያሞቁ ቀኝ ጉልበታቸው ላይ ማሰር ከጀመሩ ሰነበቱ፤ ደረጃውን አሁን ያለ ምርኩዝ ነው የሚወርዱት። ወደ ሠራተኛዋ ሄድኩ።

«አንዲት ጓደኛ አለችኝ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ይህን አረፍተ ነገር ከዚህ በፊት የሰማች ትመስላለች።

«ጓደኛዬ ለጉልበት ሕመም አንድ ቅጠል ብትጠቀም፣ ያ ሕክምና ይባላል?»

«ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ቅጠል ደግሞ የሚያዝልሽ ሐኪም እዚህ አገር አታገኚም።» ዝቅ ብላ አየችኝ። «ጓደኛሽ ቅጠሉ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም ነበር።»

«ያ ትልቅ ልዩነት አለው። ሕጉ ሰውየው አስቦበት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። አሁንስ ታውቃለች?»

«አሁን... ልጇ ነገረቻት።»

«እንግዲያው ጓደኛሽ ቶሎ ብላ ብትነቅለው ይሻላል።»

እንዴት ያለ ሕግ ነው ብዬ እያሰብኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጠዋት ንጹሕ ነበርኩ፤ የከሰዓቱ ወረቀት ወንጀለኛ አደረገኝ። ልጄን «ምነው የዛሬን ትምህርት በቀረሽ» ልላት ምንም አልቀረኝም። ከሁሉ የባሰው ግን ይህ ነው፦ እትዬ ዘይነባና ጋሽ ግርማ ምንም አያውቁም። ባለማወቃቸው ሁለቱም እንደ ሕፃን ንጹሓን ናቸው። እውነቱን ብነግራቸው በገዛ አፌ ወንጀለኛ አደረግኋቸው ማለት ነው። ጋሽ ግርማን የሚያህል ዳኛ። እትዬ ዘይነባን የሚያህሉ አንድ ሶላት የማያልፋቸው እናት። ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ምን እንደሆነ ሳልናገር ስጦታዬን መልሼ መውሰድ።

የሰጡትን መልሶ መውሰድ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከዚያ ሀሺሽ ማምረት ሳይሻል አይቀርም።

ማታ አምስተርዳም ላለው ወንድሜ ደወልኩ፤ ሰው ሊያጽናናኝ ይገባል ብዬ ነው። ሳቁን ሲጨርስ «እዚህ እኮ በሱቅ ይሸጣል» አለኝ።

«ሕጉ ፈቅዶ?»

«አልፈቀደም። ዓይኑን ጨፍኖ ነው።»

«ሕግ ዓይኑን እስከ መቼ ይጨፍናል?»

«ሱቁ እስኪዘጋ» ብሎ እንደገና ሳቀ።

ካሊፎርኒያ ያለችው ያክስቴ ልጅ ደግሞ እዚያ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የታመመ ሰው በሐኪም ምክር እንዲጠቀም መፈቀዱን ነገረችኝ። «ግን» አለች፣ «ድንበር ተሻግረሽ ሌላው ስቴት ከገባሽ ያስሩሻል። ዋሽንግተን ያለው ትልቁ መንግሥት ደግሞ እኛም ጋ ቢሆን ክልክል ነው ይላል።» እንዲገባኝ ወረቀት ላይ ሣልኩት። አንድ ቅጠል ነው፤ እዚህ ጋ ወንጀል፣ እዚያ ጋ መድኃኒት፣ ወዲያ ማዶ ዓይን የተጨፈነለት። ሥዕሉ ሲያልቅ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሮግስቬድ ካሊፎርኒያ ውስጥ አለመሆኗ ነው።

በማግስቱ የራሴን ቆረጥኩ። ለካ ሲቆረጥ ነው የሚሸተው። ሽታው ደረጃውን ወርዶ እስከ ፖስታ ሣጥኖቹ ደረሰ። በሕንፃው ቆሻሻ ክፍል ውስጥ ልጥለው አልችልም፤ እዚያ ጠርሙስ ከካርቶን የቀላቀለ ሰው እንኳ ይታወቃል። በጋሽ ግርማ ጓሮ የማዳበሪያ ጉድጓድ እንዳለ ትዝ አለኝ። ባለ ጎማውን የገበያ ቦርሳዬን አወጣሁ፤ ቅርንጫፉን አጣጥፌ ከተትኩ፤ ከላይ ሽንኩርት ከትፌ፣ በርበሬ በትኜ፣ አሮጌ ፎጣ ደረብኩበት።

ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ላይ ሰው ከአጠገቤ እየተነሣ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። ወደ ሶለንቱና የሚሄደው ባቡር ላይ ስሻገር ደግሞ አንዲት አሮጊት ከነውሻቸው ገብተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ውሻው እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረዥም፣ ጫማ የሚያህል ነገር ነው። አፍንጫውን ቦርሳዬ ላይ አደረገና አልነሣም አለ። ጅራቱን ይቆላል፤ ያየኛል፤ እንደገና ያሸታል። በቃ አልኩ፤ ፖሊስ አሁን ደግሞ አሮጊት እያስመሰለ ነው የሚልከው።

«ምግብ ይዘሻል መሰለኝ» አሉኝ አሮጊቷ።

«ሽንኩርት» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልነበረም።

«ይገርማል። ሽንኩርት አይወድም ነበር።»

እስከምወርድ ድረስ ውሻውና እኔ ተያየን። ሲሰናበተኝ አዘነ።

ጋሽ ግርማ ደጃቸው ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። የሳቸው ጉሎ እንደኔ ጉሎ አይደለም። ከአጥሩ በላይ ወጥቶ፣ በነጭ ክር ከእንጨት ጋር ታስሮ፣ ሥሩ በድንጋይ ተከቦ ለጎብኚ የተዘጋጀ ሐውልት ይመስላል።

«እንዴት ነው ልጅሽ?» አሉኝ እጁን እያሳዩኝ። እጁ ያልኩት ቅርንጫፉን ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት። ይህን ተክል ልወስደው ነበር።»

መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ችሎት ተሰየመ ማለት ነው።

«የሰጠሽኝን?»

«አዎ።»

«ምክንያት?»

«በሽታ አለበት።»

«ምን በሽታ?»

«ተላላፊ።»

«ከማን ወደ ማን ነው የሚተላለፈው?»

ጋሽ ግርማ ተክሉን ዞሩት። «እንደማየው ከሆነ ከኔም ካንቺም ይልቅ ጤነኛ ነው። የታመመ ደግሞ ይታከማል። በኔ ያኮረፍሽበት ነገር ካለ ንገሪኝ እንጂ፣ ስጦታ መልሽ የምትወስጂ ሰው አይደለሽም።»

ዕንባዬ መጣ። በሳቸው ላኮርፍ? ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ አንድ ጉሮሮ ተጠረገ። ጎረቤታቸው ሌናርት ነው፤ ከሥራ የተገለለ የሙዚቃ መምህር፣ የጽጌረዳ መቁረጫውን ይዞ ቆሟል። ለጉዳዩ ባዕድ መሆኑን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ አሁንም ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ተክሉ እያመለከተ በለሆሳስ ምን እንደሆነ ተናገረ።

ጋሽ ግርማ ወደ አጥሩ ዞሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አሉት።

«ከሰኔ።»

«ሰኔ ሙሉ፣ ሐምሌ ሙሉ ይህን አጥር ተደግፈህ ስለ አየሩ ስታወራኝ አልነበረም?»

«ባህላችሁ መሰለኝ» አለ ሌናርት፣ ጆሮው ቀልቶ። «አሳዝንህ እንዳይሆን ብዬ። አንተ ለእረፍት ስትሄድ ውኃውንም ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ሦስታችንም ተክሉን አየነው። አውቆ ያጠጣው ሌናርት፣ ሳያውቁ ያሳደጉት ዳኛ፣ ያመጣሁት እኔ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ግርማ ናቸው። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ አጥሩን ይዘው፣ መነጽራቸው በአንድ እጃቸው፣ «ባህላችን» እያሉ ነበር የሚስቁት። ሌናርትም መሳቅ የተፈቀደ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ሳቀ። ከዚያ ጋሽ ግርማ ኮታቸውን አውልቀው በገዛ እጃቸው ነቀሉት፤ ከኔው ጋር አብረን ከታትፈን የማዳበሪያው ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው። «ፍርዱ ተፈጽሟል» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። «አንቺ ግን ቀጥ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እንዳያውቁ ብዬ ነዋ። ካላወቁ ንጹሕ ነዎት።»

«እኔን ከማወቅ ልታድኚኝ» አሉ፣ እንደገና ሊስቁ።

ሁለቱ ተነቀሉ፤ የቀረው የእትዬ ዘይነባ ነው። በዚያው ምሽት ሄድኩ። ማሰሮው ሳሎናቸው መስኮት ላይ ነው፤ ጉልበታቸው በቅጠልና በነጠላ ቁራጭ ታስሯል።

«እትዬ፣ ይህን ተክል ቢመልሱልኝ።»

«ለምንሽ?»

«ሌላ የተሻለ አመጣልዎታለሁ።»

«ወላሂ ከዚህ የተሻለ አልፈልግም። እግሬን ያቆመልኝን ሸጋ ዛፍ? አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ተለዋውጧል።»

«ነገ የመንግሥት ሴት ቤቴን ልታይ ትመጣለች፤ ለሥራው። ፈርቼ ነው።»

«በይ ሂጂ ተኚ። የሚያስፈራ የለም» አሉና ጉልበታቸውን እንደ ሕፃን ራስ መታ መታ አደረጉት። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። እሳቸው አያውቁም፣ ስለዚህ ንጹሕ ናቸው፤ ተክሉም እሳቸው ቤት እንጂ እኔ ቤት አይደለም። ነገ ካለፈ በኋላ እንተያያለን ብዬ ተመለስኩ። ጠበቃ የመሆን ተሰጥኦ እንዳለኝ ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው።

ጉኒላ በቀጠሮዋ ሰዓት መጣች። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ገባች፤ ሰፊ ፊት ያላት፣ የማትቸኩል ሴት። የመስኮቶቹን መቆለፊያ ሞከረች፤ የምድጃውን ጥግ አየች፤ መድኃኒት የት እንደማስቀምጥ ጠየቀች። ባዶው በረንዳ ላይ ወጥታ ተመለሰች። ማህሌትም ለትውውቁ ሲባል ትምህርት ቤት አርፍዳ እንድትሄድ ተፈቅዶላት ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ሁሉ ነገር በሰላም እየሄደ ነበር። ጉኒላ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥያቄዎቿን ጀመረች፤ እኔም ስዊድንኛዬ ከመቼውም በላይ ሲፈስልኝ ይሰማኛል።

በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ዘይነባ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የሐር ሻሻቸውን አስረው ቆመዋል። በሁለት እጃቸው ማሰሮውን ከነዛፉ ታቅፈዋል።

«ለመንግሥት ሴት ባዶ ቤት አይታይም» አሉኝ በሹክሹክታ። «አንቺ ምንም አላዘጋጀሽም ብዬ ነው።» እኔን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ገቡ፤ ዛፉን ጉኒላ ጭን ላይ አስቀመጡት፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው የታሰረ ጉልበታቸውን አሳዩአት።

«ንገሪያታ» አሉኝ። «ይህን ያበቀለችልኝ እሷ ናት በያት። ልጄ አውቶቡስ ላይ የሚውልብኝን ሴትዮ በእግሬ ያቆመችኝ እሷ ናት፤ እንኳን ልጅ አሮጊት ትጠብቃለች፣ በያት።»

ጉኒላ ከቅጠሉ በላይ በኩል አየችኝ። «ምን ይላሉ?» አለች።

መተርጎም እችላለሁ። ስዊድንኛ የማያውቁ እናት፣ አማርኛ የማታውቅ እንግዳ፤ በመሐላቸው ያለው ድልድይ እኔ ብቻ ነኝ። የአበባ ስም አንድ ልጥራ። ጎመን ነው ልበል። ቃሉ አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ ማህሌትን አየኋት። ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ አማርኛውን የሰማች፣ ስዊድንኛውን የምትጠብቅ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ ልጅ። ጠዋት ጠዋት ቤት ልሁንላት ብዬ የምታገልላት ልጅ። ቤት ሆኜ ምን እንድታይብኝ ነው?

ተነፈስኩ። እትዬ ዘይነባ ያሉትን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ከዚያ ከራሴ ጨመርኩበት፤ ወፎቹን፣ ጉሎውን፣ ሶለንቱናን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የቆረጥኩትን፣ ትናንት ማታ አፌን ከፍቼ የዘጋሁትን። ሳልጨርስ ማቆም አቃተኝ። ሥራዬን በገዛ አፌ እያራቅሁት እንደሆነ እሰማለሁ፤ ግን አንዴ የተከፈተ ቧንቧ ነው።

ጉኒላ ዛፉን ወደ ላይ አየችው፤ ወደ ታች አየችው።

«እናቴ» አለች፣ «በየዓመቱ ከወፎቿ መመገቢያ ሥር ትነቅላለች። በሩ ሲከፈት ነው ያወቅሁት።» ማሰሮውን ጭኗ ላይ እያስተካከለች፣ «አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ ማለት ነው፣ አይደል? እያወቅሁ» አለች።

ማህሌት ናት መጀመሪያ የፈነዳችው። ከዚያ ጉኒላ ሳቀች፤ ቅጠሉ ሁሉ ጭኗ ላይ ተንቀጠቀጠ። መቀስ ጠየቀችኝ። ወጥ ቤት ገብታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ዛፉን ቆራርጣ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ከተተች፤ ከረጢቱንም አሰረችው።

እትዬ ዘይነባ ዓይናቸው ፈጦ ቆመዋል። «ስጦታዬን ከፊቴ ትቆርጠዋለች? ምን በደልኳት?»

ከዚህ በኋላ መሸሽ የለም። በአማርኛ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑም። ከዚያ ጉልበታቸውን አዩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀምጠው «አስተግፊሩላህ» አሉ፣ ደጋግመው፣ ቅጠሉን ከጉልበታቸው እየፈቱ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ አላወቁም እኮ። ሕጉም የሚጠይቀው አስበህ ነው ወይ ብሎ ነው።»

«ኒያ ማለትሽ ነው?» አሉ፤ ቀና አሉ። «እንዲህ ብለሽ ትነግሪኝ የለም ታዲያ ከመጀመሪያው? የኔ ኒያ ጉልበቴ ነበር። አላህ ያውቀዋል።» ፊታቸው ተመለሰ። ወዲያው ግን ግንባራቸው ተኮሳተረ። «የግራው ጉልበቴስ? ልጀምርለት ነበር እኮ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ጉኒላ ሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚያዝበትን ስልክ ለማህሌት ነገረቻት፤ ማህሌት ልትደውልላቸው ቃል ገባች። ከዚያ ጉኒላ ሶፋው ላይ ተመልሳ ወረቀቷን አነሣች። እኔ ወንበር ጫፍ ላይ ነኝ። እምቢታው አይቀርም፣ እንዴት አድርጋ ደግ ቃል እንደምትመርጥለት ነው የምጠብቀው።

«አንድ ጥያቄ ቀርቷል» አለች። አነበበችልኝ፦ በሥራሽ ላይ ስሕተት ብትፈጽሚ፣ ለልጆቹ ወላጆችና ለእኛ እንዴት ትገልጪልናለሽ ይላል። ያጠናሁትን መልስ ለመጀመር ወንበሬ ላይ ተስተካከልኩ። ጉኒላ ግን አልጠበቀችኝም። እስክሪብቶዋን አውጥታ ጥያቄው ላይ አንድ መሥመር አሰመረች።

«ይህን መልሰሽልኛል» አለች። «በሚቀጥለው ወር ሁለት ልጆች አሉኝ። መንታ ናቸው።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ማህሌት አንገቴን እንዳቀፈችኝ ግን አስታውሳለሁ፤ ከአሥር ዓመቷ በኋላ ሰው ፊት አቅፋኝ አታውቅም ነበር።

እትዬ ዘይነባ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ምን አለች?»

«ልጆች ይመጣሉ አለች። መንታ።»

«መንታ?» አሉ፤ የፈቱትን የነጠላ ቁራጭ አጣጠፉ። «እንግዲያው ከፍ ያለ ወንበር ግዢ። አንዱን እኔ ነኝ የምይዘው፣ በዚህ ጉልበት ደግሞ መሬት አልቀመጥም።»